ስያሜና ግኝት፤ የካምብሪጅ የራዲዮ ሥነ ፈለክ ክፍል ታሪክ ለአማርኛ ሙያዊ ቃላት የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

አንድ ሙያዊ ቃል ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ በሚመለስበት ጊዜ ተርጓሚው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚመለከተው የቃሉን ሥርወ ቃል ነው። ቃሉን ይከፍላል፤ የክፍሎቹን ፍቺ ከመዝገበ ቃላት ይፈልጋል፤ ከዚያም በግእዝ ወይም በአማርኛ አቻ ይተካቸዋል። ይህ ዘዴ ለብዙ ቃላት ያገለግላል። ሆኖም ስያሜው ከጽንሰ ሐሳቡ ቀድሞ በወጣበት ቦታ ሁሉ ተርጓሚውን ያስታል። ስም የሚወጣው ነገሩ በታየ ሰሞን ሲሆን፣ የነገሩ ምንነት የሚታወቀው ግን ከወራት ወይም ከዓመታት ምርምር በኋላ ነው። ምንነቱ በታወቀ ጊዜ ደግሞ ስሙ ሥር ሰድዶ ስለሚገኝ የሚነቅለው አይኖርም።

ይህን ለማስረዳት በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ክፍል በሆነው በካቨንዲሽ ላቦራቶሪ ውስጥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተቋቋመውን የራዲዮ ሥነ ፈለክ ቡድን ታሪክ ነው። ይህን ቡድን የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሥራው በዓመትና በቁጥር ተለይቶ የሚታወቅ ስለሆነ እያንዳንዱ ቃል መቼና ለምን እንደተፈጠረ ለመከታተል ያመቻል። ሁለተኛ፣ ከቡድኑ ሥራ ጋር የተያያዙት ቃላት ዛሬ በትምህርት መጻሕፍትና በጋዜጦች ዘንድ ተደጋግመው ስለሚነሡ የአማርኛ አቻቸው ጉዳይ ሊዘገይ የማይገባው ነው። እኛም ከስሕተቱ ነጻ አይደለንም። ከዓመታት በፊት ለአንድ የትምህርት ጽሑፍ ትርጉም በሰጠነው አስተያየት «ፑልሳር» የተባለው ቃል «ተርገብጋቢ ኮከብ» መባል እንደሚገባው አሳስበን ነበር። ይህ ጽሑፍ ያን አስተያየት ለማረም ጭምር የቀረበ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

1. ከሚታየው ሰማይ ወደማይታየው

«ሥነ ፈለክ» የሚለው ስያሜ ራሱ የሁለት ቋንቋዎች ቅንጅት ነው፤ «ሥነ» ከግእዝ፣ «ፈለክ» ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። በሥነ ጽሑፋችን ውስጥ ስለ ሰማይ የሚናገረው የቃላት ሀብት ቀላል አይደለም። የመጽሐፈ ሄኖክ የብርሃናት ክፍል የፀሐይንና የጨረቃን መውጫና መግቢያ በደጆች እየከፈለ ያስረዳል፤ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንትም የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀመር ለማውጣት የራሳቸውን ሙያዊ ቃላት አዳብረዋል። ነገር ግን ይህ የቃላት ሀብት በሙሉ የሚታየውን ሰማይ የሚመለከት ነው። የሚወጣውን፣ የሚገባውን፣ የሚያበራውንና የሚጨልመውን ይነግረናል።

በ1933 ካርል ጃንስኪ የተባሉ አሜሪካዊ መሐንዲስ ከፍኖተ ሐሊብ የሚመጣ የራዲዮ ሞገድ መኖሩን ባስታወቁ ጊዜ፣ ዐይን የማያየው ሌላ ሰማይ ተከፈተ። በ1942 ደግሞ ጄምስ ሄይ በእንግሊዝ አገር የጦር ራዳሮችን የሚያውከውን ነገር ሲመረምሩ ፀሐይ ራሷ የራዲዮ ሞገድ እንደምትልክ ደረሱበት። ጦርነቱ ሲያበቃ፣ በራዳር ሥራ ላይ የቆዩት ማርቲን ራይል በ1945 ወደ ካቨንዲሽ ላቦራቶሪ ገብተው ይህን ሞገድ ማጥናት ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ከጦርነቱ የተረፉ የራዳር ዕቃዎች ነበሩ። ቡድኑ እያደገ ሄዶ በ1957 ከካምብሪጅ ከተማ አጠገብ ሎርድስ ብሪጅ በተባለው ስፍራ፣ መላርድ የተባለው የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ በሰጠው ገንዘብ፣ የራሱን የምልከታ ጣቢያ አቋቋመ።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው የትርጉም ችግር ይገጥመናል። «ቴሌስኮፕ» የሚለውን ቃል «የሩቅ ማሳያ መነጽር» እያሉ መተርጎም የተለመደ ነው። የራዲዮ ቴሌስኮፕ ግን መነጽር የለውም፤ ማንም በውስጡ አሻግሮ አያይበትም። በሎርድስ ብሪጅ ከተሠሩት መሣሪያዎች አንዳንዶቹ በሜዳ ላይ የተተከሉ እንጨቶችና በእነርሱ ላይ የተዘረጉ ሽቦዎች ነበሩ። ስለዚህ «መነጽር» የሚለውን ቃል ለብርሃን መሣሪያዎች ብቻ ትተን፣ ለጠቅላላው ጽንሰ ሐሳብ «ቴሌስኮፕ» የሚለውን ተውሶ ቃል መያዝ የሚሻል ይመስለናል።

2. አንድ ቃል፣ ሁለት ጽንሰ ሐሳብ

የራዲዮ ሞገድ ከብርሃን ሞገድ እጅግ የረዘመ በመሆኑ፣ በአንድ አንቴና ብቻ ምንጩ ከየት እንደሚመጣ አጥርቶ ማወቅ ያስቸግራል። ራይልና የሥራ ጓደኞቻቸው ይህን ለማሸነፍ የተጠቀሙት ሁለት አንቴናዎችን አራርቆ ተክሎ የተቀበሉትን ሞገድ በአንድነት በማገናኘት ነው። ሁለቱ ሞገዶች ሲደራረቡ አንዳንድ ጊዜ ይበረታታሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ይጠፋፋሉ። ከዚህም የምንጩን አቅጣጫ ማስላት ይቻላል። ክስተቱ በእንግሊዝኛ «ኢንተርፌረንስ»፣ መሣሪያውም «ኢንተርፌሮሜትር» ይባላል።

ከመዝገበ ቃላት የሚገኘው አቻ «ጣልቃ ገብነት» ነው። ይህ ቃል ለመንግሥታት ግንኙነት የሚስማማ ሲሆን ለሞገዶች ግን ስሕተት ነው፤ ከሁለቱ ሞገዶች የትኛውም በሌላው ጉዳይ ጣልቃ አይገባም። የባሰው ችግር ደግሞ የካምብሪጅ ሰዎች ራሳቸው ይህንኑ ቃል በሁለት ፍቺ መጠቀማቸው ነው። ከመኪና ሞተር፣ ከራዲዮ ጣቢያና ከመሳሰለው የሚመጣው ረባሽ ሞገድም «ኢንተርፌረንስ» ይባላል። በአንድ ገጽ ላይ መሣሪያው በአንደኛው ፍቺ ሲሠራ፣ ተመልካቾቹ በሁለተኛው ፍቺ ሲማረሩ እናነባለን። አማርኛ እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛ የተሻለ ዕድል አለው። ለመጀመሪያው «የሞገድ ድርርብ»፣ ለሁለተኛው «የሞገድ ሁከት» ብንል ሁለቱ ጽንሰ ሐሳቦች ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይለያያሉ።

3. መዝገቦቹና ቁጥሮቹ

የቡድኑ ትልቅ ሥራ የሰማይ የራዲዮ ምንጮችን እየቆጠረ መመዝገብ ነበር። የመጀመሪያው መዝገብ በ1950 ወደ 50 የሚሆኑ ምንጮችን ያዘ። በ1955 የወጣው ሁለተኛው መዝገብ 1936 ምንጮችን ቢዘረዝርም፣ በአውስትራሊያ ሲድኒ የነበሩ ተመራማሪዎች ያንኑ ሰማይ ሲመለከቱ ውጤታቸው ሊስማማ አልቻለም። ምክንያቱም የካምብሪጁ መሣሪያ ብዙ ደካማ ምንጮችን አደባልቆ እንደ አንድ ይቀበል ስለነበር ነው። ይህ ክስተት በሙያው «ኮንፊውዥን» ይባላል። ተርጓሚው «ግራ መጋባት» ብሎ ቢመልሰው ግራ የተጋባው ሰው ይመስላል፤ የተደባለቁት ግን ምንጮቹ ናቸው። «የምንጮች ቅልቅል» ማለት ይበቃል።

ቡድኑ ስሕተቱን አርሞ በ1959 ሦስተኛውን መዝገብ አወጣ። 471 ምንጮችን የያዘው ይህ መዝገብ በ1962 ታርሞ እንደገና ሲወጣ የዓለም የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ሁሉ መነሻ ሆነ። የምንጮቹ መጠሪያ እስከ ዛሬ ድረስ «3ሲ 48»፣ «3ሲ 273» እየተባለ የሚጻፈው ከዚሁ መዝገብ የተነሣ ነው፤ «3» መዝገቡ ሦስተኛ መሆኑን፣ «ሲ» ካምብሪጅን፣ የመጨረሻው ቁጥር የምንጩን ተራ ያመለክታል። የዩኒቨርሲቲው ስም በዚህ ዓይነት በሰማይ ላይ ተጽፎ ቀርቷል።

በ1962 ሲሪል ሃዛርድና ባልደረቦቻቸው በአውስትራሊያ የፓርክስ ቴሌስኮፕ ጨረቃ 3ሲ 273ን ስትጋርደው ጠብቀው ቦታውን በትክክል ለዩ። በ1963 ማርተን ሽሚት በካሊፎርኒያ የፓሎማር ቴሌስኮፕ የብርሃኑን መስመሮች መርምረው ወደ ቀዩ ጠርዝ 16 በመቶ ያህል ፈቀቅ ማለታቸውን ተገነዘቡ። ይህ ማለት ኮከብ የሚመስለው ነጥብ ከ2 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ የራቀ ነው ማለት ነው። ምንነቱ ስላልታወቀ «ኮከብ መሰል የራዲዮ ምንጭ» ተባለ፤ በ1964 ሆንግ ዪ ቺዩ የተባሉ የፊዚክስ ሊቅ ረጅሙን ስም አሳጥረው «ኳሳር» አሉት።

ዛሬ እንደሚታወቀው ኳሳር ኮከብ አይደለም፤ በአንድ ጋላክሲ እምብርት ያለ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ዙሪያውን ያለውን ቁስ እየሳበ የሚያወጣው ኃይል ነው። ከኳሳሮችም አብዛኞቹ ጠንካራ የራዲዮ ሞገድ አይልኩም። እንግዲህ «ኮከብ መሰል የራዲዮ ምንጭ» ከሚለው ስም ውስጥ ዛሬ ለጠቅላላው ወገን እውነት ሆኖ የቀረው «መሰል» የሚለው ቃል ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ስሙን በሥርወ ቃሉ የሚተረጉም ሰው የ1963ን አለማወቅ ለዛሬ ተማሪ ያስተምራል።

4. ገጸ ቅንብር

ራይል የአንቴናዎችን ጥንድ ዘዴ ወደ ፍጻሜው ያደረሱት በ1960ዎቹ ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው አንቴና መሥራት ካልተቻለ፣ ትናንሽ አንቴናዎችን በየተራ በተለያየ ቦታ አቁሞ፣ የተገኘውን መዝግቦ፣ በኋላ በኮምፒዩተር በማቀናጀት የትልቁን አንቴና ውጤት ማግኘት ይቻላል። መሬት በዛቢያዋ ስለምትዞር ደግሞ በአንድ መስመር የተተከሉት አንቴናዎች ከሰማይ ሲታዩ እርስ በርሳቸው የዞሩ ያህል ይሆናል፤ የጎደለውን ገጽ የመሬት ዙረት ይሞላዋል። በዚህ ዘዴ በ1964 እያንዳንዳቸው 18 ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት ሳሕኖች የያዘው የአንድ ማይል ቴሌስኮፕ፣ በ1972 ደግሞ በተዘጋ የባቡር መሥመር ላይ የተተከሉ ስምንት ሳሕኖች የያዘው የአምስት ኪሎ ሜትር ቴሌስኮፕ ሥራ ጀመሩ።

የዘዴው ስም «አፐርቸር ሲንተሲስ» ነው። ቃል በቃል ሲመለስ «የቀዳዳ ውሕደት» የሚል ይወጣዋል፤ ይህ ግን ለአንባቢ ምንም አያስጨብጥም። እዚህ «አፐርቸር» የተባለው ሞገዱን የሚቀበለው የመሣሪያው ገጽ እንጂ ቀዳዳ አይደለም፤ «ሲንተሲስ» የተባለውም እንደ ኬሚስትሪው የቁስ ውሕደት ሳይሆን በሒሳብ የሚከናወን ቅንብር ነው። «ገጸ ቅንብር» የሚለውን አቻ የምናቀርበው በዚህ ምክንያት ነው። አጭር ነው፤ የአገባቡም መልክ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ከሁሉም በላይ ዘዴው የሚሠራውን ይናገራል።

5. ፑልሳር፤ ግምት ስም ሲሆን

አንተኒ ሂዊሽ የተባሉት የቡድኑ አባል የኳሳሮች የራዲዮ ሞገድ ከፀሐይ በሚነፍሰው ቁስ ውስጥ ሲያልፍ የሚያሳየውን ብልጭልጭታ ለማጥናት አንድ ሰፊ አንቴና አቀዱ። ወደ 2 ሄክታር በሚጠጋ ሜዳ ላይ 2048 ባለ ሁለት ዘንግ አንቴናዎች የተዘረጉበት ይህ መሣሪያ በ1967 ክረምት ሥራ ጀመረ። ከሠሩት ሰዎች አንዷ፣ በኋላም መሣሪያውን እያንቀሳቀሱ መዝገቡን በዐይናቸው የመረመሩት፣ የዶክትሬት ተማሪ የነበሩት ወይዘሪት ጆስሊን ቤል ናቸው። መሣሪያው በየቀኑ ወደ 30 ሜትር የሚጠጋ ባለ መሥመር ወረቀት ያወጣ ነበር።

ቤል ከዚህ ሁሉ ወረቀት ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የያዘች፣ ኳሳርንም ሁከትንም የማትመስል ሸካራ ጭረት አስተዋሉ። ጭረቷ ከዚያው የሰማይ ክፍል ደጋግማ እንደምትመጣም አስታወሱ። ኅዳር 28 ቀን 1967 በፈጣን መቅረጫ ሲመዘግቧት በየ1.337 ሴኮንዱ የምትደጋገም ምልክት ሆና ተገኘች። የሰው ሥራ እንዳትሆን ተጠረጠረ፤ ነገር ግን ምልክቷ የምትመለሰው በየ24 ሰዓቱ ሳይሆን በየ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃው ነበር። ይህ የከዋክብት ቀን ነው፤ የሰው ፋብሪካም ሆነ መኪና በዚህ ሰዓት አይመራም። በቀልድ «ትናንሽ አረንጓዴ ሰዎች» የሚል ስም ወጣላት። በታኅሣሥ ወር ቤል ከሌላ የሰማይ ክፍል ሁለተኛዋን ሲያገኙ ይህ ቀልድ አበቃ።

ግኝቱ የካቲት 24 ቀን 1968 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት በአምስት ሰዎች ስም ወጣ። የጽሑፉ ርእስ ስለ አንድ ፈጥኖ የሚርገበገብ የራዲዮ ምንጭ የሚናገር ሲሆን፣ ጸሐፊዎቹም ምናልባት ነጭ ድንክ ኮከብ ወይም የኒውትሮን ኮከብ እየተነፋና እየሟሸሸ ይሆናል የሚል ግምት አቀረቡ። «ፑልሳር» የሚለውን ስም ያወጡት የሥነ ፈለክ ሊቃውንት አልነበሩም፤ የአንድ የለንደን ዕለታዊ ጋዜጣ የሳይንስ ዘጋቢ ናቸው። «ኳሳር» የሚለውን መልክ ተከትለው፣ ተርገብጋቢ ኮከብ የሚለውን ሐሳብ አሳጥረው ሰጡት።

በዚያው በ1968 ቶማስ ጎልድ ምልክቱ የሚመጣው ከሚዞር የኒውትሮን ኮከብ ነው ሲሉ ጻፉ። ኮከቡ የራዲዮ ሞገዱን በጠባብ ጨረር ይለቅቃል፤ ሲዞርም ጨረሩ በወደብ ላይ ለመርከቦች እንደሚበራው ዟሪ መብራት በየዙሩ እኛን ይጠርገናል። በዓመቱ መጨረሻ በሸርጣን ኔቡላ ውስጥ በሴኮንድ 30 ጊዜ ያህል የሚመላለስ ፑልሳር ተገኘ፤ ቀስ በቀስም እየዘገየ መሄዱ ታወቀ። ነጭ ድንክ ኮከብ ይህን ያህል ፈጥኖ መርገብገብም መዞርም አይችልም። ስለዚህ የጎልድ አስተያየት ጸና። ፑልሳር አይርገበገብም፤ ይዞራል። ኒውትሮን የተባለውን ቅንጣት ጄምስ ቻድዊክ በ1932 ያገኙት በዚያው በካቨንዲሽ ላቦራቶሪ መሆኑንም ልብ ይሏል።

የእኛ ስሕተት እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። «ተርገብጋቢ ኮከብ» ስንል የተረጐምነው ጸንቶ ያልቆመን የ1968 ግምት ነው። ጉዳቱም ከአንድ ቃል አያልፍም የሚባል አይደለም። በእውነት የሚርገበገቡ፣ በየጊዜው የሚነፉና የሚሟሽሹ ኮከቦች አሉ፤ ሴፊይድ የሚባሉት፣ ሔንሪየታ ሌቪት በሃርቫርድ ያጠኗቸውና ለሰማይ ርቀት መለኪያ የሆኑት ኮከቦች ከእነዚህ ናቸው። ስሙን ለፑልሳር ከሰጠነው ለባለቤቶቹ ምን ይተርፋል? ተማሪውስ ሁለቱን እንዴት ይለያል?

ቁጥሮቹም የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። የመጀመሪያው ፑልሳር «ሲፒ 1919» ተባለ፤ «ሲ» ካምብሪጅ፣ «ፒ» ፑልሳር ማለት ነው። 1919 ዓመት የሚመስለው ተርጓሚ ቢኖር አይፈረድበትም፤ ነገር ግን የኮከቡ አቅጣጫ 19 ሰዓት ከ19 ደቂቃ መሆኑን የሚገልጽ ነው። ይህ «ሰዓት» ደግሞ የሰማይን ክብ ለ24 የሚከፍል የማዕዘን መለኪያ በመሆኑ እንደ ቀን ሰዓት ወደ አገራችን አቆጣጠር አይለወጥም። አንዱ ሰዓት 15 ዲግሪ ነው።

6. «ያገኘው» ወይስ «ያገኘችው»?

በ1974 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ለራይልና ለሂዊሽ ተሰጠ። ለራይል በተለይ ስለ ገጸ ቅንብር፣ ለሂዊሽ በፑልሳሮች መገኘት ስለነበራቸው ወሳኝ ድርሻ ነበር። ለሥነ ፈለክ ምርምር የፊዚክስ ኖቤል ሲሰጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። የቤል አለመካተት ግን ክርክር አስነሣ፤ ፍሬድ ሆይል በ1975 በግልጽ ተቃወሙ። ቤል ራሳቸው፣ በኋላ ቤል በርኔል የተባሉት፣ ለምርምር ተማሪዎች ሽልማቱን መስጠት ክብሩን ዝቅ ያደርገዋል በማለት ውሳኔውን እንደማይቃወሙ በ1977 ተናገሩ። በ2018 የ3 ሚሊዮን ዶላር ልዩ የብሬክስሩ ሽልማት ሲሰጣቸው ገንዘቡን ዕድሉን ላላገኙ ወገኖች የፊዚክስ የዶክትሬት ትምህርት መርጃ አደረጉት።

ይህ ክርክር የአማርኛ ተርጓሚን በቀጥታ የሚነካ ነው። እንግሊዝኛው «ተማሪ» ሲል፣ «ተገኘ» ሲል ጾታ አይለይም፤ አማርኛ ግን በግሡ ላይ ይለያል። ጾታው ባልተገለጸበት ቦታ ተርጓሚው በልማድ «ተማሪው ጭረቱን አስተዋለ» ብሎ ይጽፋል፤ በዚህ አንዲት ፊደልም ቤል ከታሪኩ ይወጣሉ። በሌላ በኩል ፕሮፌሰሩን «አገኙ»፣ ተማሪዋን «አገኘች» የሚል ትርጉም አይተናል። ይህ ጾታውን ይጠብቃል፤ ነገር ግን ዋናው ጽሑፍ ያላደረገውን የማዕረግ ልዩነት በሰዋስው ያስገባል። ሁለቱንም በአክብሮት ብንጽፍ ደግሞ «አገኙ» የሚለው ግሥ ጾታንም ቁጥርንም ይሸሽጋል፤ አንድ ሰው ይሁን ብዙ፣ ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። ስለዚህ በሳይንስ ታሪክ ትርጉም ለሁሉም የአክብሮትን ግሥ ይዞ፣ ማንነቱን በስምና በመጠሪያ መግለጽ የሚሻል ይመስለናል፤ በዚህም ጽሑፍ የተከተልነው ይህንኑ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተመለከተው ሦስት ነጥቦችን ለባልደረቦቻችን እናቀርባለን። አንደኛ፣ ቃሉ ሂደትን ወይም ዘዴን የሚሰይም ሲሆን፣ እንደ ሞገድ ድርርብ፣ እንደ ምንጮች ቅልቅልና እንደ ገጸ ቅንብር ያሉትን ከሥራው ተነሥቶ በአማርኛ መሰየም ይቻላል፤ ይገባልም። ሁለተኛ፣ ቃሉ ምንነቱ ገና ሳይታወቅ የተሰየመ ነገር መጠሪያ ሲሆን፣ እንደ ኳሳርና እንደ ፑልሳር ያሉትን በተውሶ ይዞ፣ ዛሬ የሚታወቀውን ምንነት በብያኔው ውስጥ ማስፈር ይበጃል። በዚህ መሠረት «ፑልሳር፤ በሚዞርበት ጊዜ የሚለቅቀው ጨረር መሬትን በየዙሩ የሚጠርግ የኒውትሮን ኮከብ» የሚለውን ብያኔ ቀድሞ በሰጠነው ስያሜ ቦታ እንተካለን። የአጻጻፉም ነገር «ፐልሳር»፣ «ፑልሳር» እየተባለ እንዳይዋልል አንዱን መወሰን ያስፈልጋል፤ እኛ ወደ ላቲኑ ሥር የሚጠጋውን ሁለተኛውን መርጠናል። ሦስተኛ፣ የመዝገብ ምልክቶችና ቁጥሮች እንደ ሰው ስም ስለሚቆጠሩ አይተረጐሙም።

መዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሥርወ ቃል ሊቅ መሆኑ ይጠቅመዋል፤ ግን አይበቃውም። ቃሉ በወጣበት ሰሞን ሰዎቹ ምን አውቀው ምን እንደገመቱ መጠየቅ አለበት። እኛ ይህን ሳንጠይቅ በሰጠነው አቻ የተማረ ሰው ቢኖር፣ እርማቱ እንዲደርሰው ምኞታችን ነው።